የደን ዳር ቤተሰቦችን ገቢ ማሳደግ ደኑን በእርግጥ ያድነዋል?

ዶቅማ (ጠያቂ)

በአንድ አነስተኛ የግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ከዝናብ ደን አጠገብ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ቀፎ፣ የቡና ችግኝና ሥልጠና ለመስጠት ዕቅድ እየጻፍኩ ነው። ዕቅዱ የቆመው «ገቢያቸው ሲያድግ ደን መመንጠራቸውን ያቆማሉ» በሚል ሐሳብ ላይ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ሐሳብ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ገንዘብ ያገኘ ሰው ከብት ገዝቶ ለግጦሽ ሲል የባሰ ቢመነጥርስ? ሥራውን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሰገነት

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ኮትዲቯርን ይመልከቱ፤ ካካዎ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል፣ የአገሪቱን ደን በዋናነት የጨረሰውም ያው የካካዎ እርሻ ነው። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለጠባቂ ቅጥርና ለድንበር ማስከበር አውለው ነበር።

ቀረሮ

ስለ ካካዎው የተባለው እውነት ነው፤ በጠባቂው ጉዳይ ግን አልስማማም። በጓተማላ ፔቴን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የማያ ባዮስፌር የተባለው ጥብቅ የደን ክልል ሲቋቋም ከፊሉ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ሌላው ክፍል ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለመንደር ማኅበራት በ25 ዓመት ውል ተሰጠ። ማኅበራቱ የማሆጋኒ ዛፍ እየመረጡ ይቆርጣሉ፤ «ሻቴ» የሚባለውን የዘንባባ ቅጠልም ለአበባ ነጋዴዎች ይሸጣሉ። በዚያው ክልል ያለው ላጉና ዴል ቲግሬ የተባለው ፓርክ ሕጋዊ ከለላ እያለው ሰፊ ክፍሉ ለከብት ግጦሽ ተመነጠረ። ሰው በሚሠራባቸው የማኅበራቱ ይዞታዎች ላይ የደረሰው ምንጣሮ ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ሰደድ እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚደርሰው ኑሮው እዚያው ያለ ሰው ነውና።

ይህን ስል ቀፎ ይታደል፣ ደኑም ይተርፋል ማለቴ አይደለም። ከደን ዳር ገበሬዎች ጋር ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር አንድ ቤተሰብ መጥረቢያ የሚያነሳው ገንዘብ በቸገረው ሳምንት ሌላ የሚሸጠው ስለሌለው መሆኑን ነው። ልጅ ይታመማል፤ ወይም አዲሱ እህል ሳይደርስ ጎተራው ይራቆታል። ያን ጊዜ ደኑ የቤተሰቡ ባንክ ነው። ማር የሚቆረጥበት ወቅት አለው፤ ቡናም የሚለቀምበት ወቅት አለው። ልጁ በመካከል ቢታመም ባዶ ቀፎ ምን ያደርግለታል?

በኢንዶኔዥያ ቦርኒዮ፣ በጉኑንግ ፓሉንግ ፓርክ አጠገብ የሆነውን ለዚህ ነው ደጋግሜ የማነሳው። ነዋሪዎቹ እንጨት መቁረጥ ለማቆም ምን እንደሚያስፈልጋቸው ሲጠየቁ፣ በአቅማቸው ልክ የሆነ ሕክምናና የግብርና ሥልጠና እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ክሊኒክ ተከፈተ። ታካሚው ገንዘብ ከሌለው በችግኝ፣ በፍግ ወይም በእጅ ሥራው ይከፍላል፤ ቆረጣ የቀነሰ መንደር ደግሞ የዋጋ ቅናሽ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በአሥር ዓመት ውስጥ በፓርኩ የጠፋው ደን ከተመሳሳይ ፓርኮች ጋር ሲነጻጸር በ70 በመቶ ያህል አንሷል። ጠባቂ ያላስጣለውን መጋዝ የሐኪም ቤት በር አስጣለ!

ስለዚህ ዕቅዱን ከመጻፍዎ በፊት ከቤተሰቦቹ ጋር ተቀምጠው የዓመቱን ወራት ይቁጠሩ። ገንዘብ መቼ ይገባል? መቼ ይወጣል? የሚበደሩት ከማን ነው፣ በምን ያህል ወለድ? እናቶችን ለብቻቸው ያነጋግሩ፤ ጎተራው የሚራቆትበትን ሳምንት ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከቀፎው በፊት የሚያስፈልገው የቁጠባና ብድር ማኅበር ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

የይዞታ መብቱንም አይርሱ። በብራዚል አክሬ ግዛት የጎማ ዛፍ ወተት እየቀዳ ይኖር የነበረው ቺኮ ሜንዴስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 የተገደለው ደኑን ከከብት አርቢዎች ሲከላከል ነው። በ1990 በስሙ የተሰየመ፣ ነዋሪዎቹ ሳያወድሙ የሚጠቀሙበት ክልል ተከለለ። ሆኖም የጎማ ገቢ ቤተሰብ ማኖር ሲያቅተው ከብት እዚያም ገብቷል። መብት ያለ ገበያ፣ ገበያም ያለ መብት አንድ እግር ብቻ ነው።

አዝመራ

አንድ ነገር ልጨምር። መንጥሮ የሚያቃጥል ገበሬ አመዱ አፈሩን የሚያዳብርለት ለሁለት ወይም ለሦስት ምርት ብቻ ነው፤ ከዚያ አረም ያሸንፈውና ሌላ ደን ይጀምራል። በሆንዱራስ ገበሬዎች «ኢንጋ» የተባለውን ዛፍ በረድፍ ተክለው፣ ቅርንጫፉን እየገረዙ ቅጠሉን መሬቱ ላይ ያለብሳሉ። አረሙ ይታፈናል፤ በቆሎውም እዚያው ቦታ ላይ በየዓመቱ ይዘራል። ከሚሸጥ ነገር በፊት የሚበላውን ማስተካከል ይቀድማል ባይ ነኝ።

ዶቅማ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጋሾቻችን የሚጠይቁን ግን ስንት ቀፎና ስንት ችግኝ እንዳከፋፈልን ነው። ይህን እንዴት ላስረዳቸው? የቡናው ችግኝስ ይቅር?

ቀረሮ

ቡናው አይቅር፤ የሚተከልበት ቦታ ግን ይጻፍ። ቀድሞ በተመነጠረ መሬት ላይ፣ ከጥላ ዛፍ ጋር ከተተከለ ደግ ነው። ደን ውስጥ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበውን ካፋን የመሰለ የቡና ደን ከሩቅ ሲያዩት ምሉዕ ነው። ለቡናው ሲባል ከዛፎቹ ሥር ያለው ቁጥቋጦ በየዓመቱ ከተመነጠረ ግን የዛፍ ቡቃያውም አብሮ ይታጨዳል፤ ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። ስለዚህ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ የትኛው ቡቃያ እንደማይነካ አባላቱ ራሳቸው ወስነው ያስፍሩ።

ለለጋሾቹም ከቀፎው ብዛት ጎን ሁለት ነገር ያቅርቡ። አንደኛው በክረምቱ የችግር ወራት ከአራጣ አበዳሪ የተበደሩ ቤተሰቦች ቁጥር ነው። ሁለተኛው በሳተላይት ምስል የሚታየው የደን ሽፋን ነው፤ «ግሎባል ፎረስት ዎች» የተባለው ካርታ በነጻ ያሳያል። ሁለቱንም ሥራው ሳይጀመር ይመዝግቡ፤ አለበለዚያ በኋላ የሚያወዳድሩት አይኖርዎትም።