ፓርካችን አይጥ በዝቶበታል፤ ከመርዝ ውጪ ምን ትጠቁሙናላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲ ውስጥ ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽዬ ፓርክ አለች። እሁድ እሁድ ልጆቻችንን ይዘን ቡና የምንጠጣው እዚያ ነው። ዘንድሮ አይጡ በጠራራ ፀሐይ መሯሯጥ ጀምሯል። ልጆችም ውሾችም ስላሉ መርዝ አንፈልግም። አሰቃይቶ መግደሉም ደስ አይልም። የሞከራችሁት ካለ ብትጠቁሙን?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ሁለት ዓመት በዚህ ጉዳይ ተቃጥያለሁ። መርዙን መፍራትሽ ልክ ነው። በከተማ የሚዘወተረው መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አይጧ ለመሞት ቀናት ይፈጅባታል። እስከዚያ እየተንገዳገደች ስትዞር ጭልፊትና ጉጉት ያገኟታል። ፍላኮን ታስታውሺው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው አጥሩን ቀዶለት ከኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ መካነ እንስሳት የወጣውን ጉጉት። ከዓመት በኋላ ሞቶ ሲመረመር ከርግብ የተጋባበት ከባድ ቫይረስ ተገኘ። ከቫይረሱ ሌላ አራት ዓይነት የአይጥ መርዝ በሰውነቱ ውስጥ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

መጀመሪያ ፓርኩ የማን እንደሆነ አጣሪ። ዲሲ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ፓርኮች የከተማው ሳይሆኑ የፌዴራሉ ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን በከንቱ ስልክ ደውያለሁ። የከተማው ከሆነ 311 ደውይ፤ ነፃ ነው። የጤና መሥሪያ ቤቱ የአይጥ ክፍል መጥቶ ያያል። መርዝ እንደማትፈልጉ ገና ስትደውዪ ተናገሪ።

ከሁሉ የምመርጠው ድራይ አይስ ነው፤ በረዶ የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ባለሙያው በረዶውን ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሮ አፉን በአፈር ይደፍነዋል። በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። አይጦቹ እዚያው ጉድጓዳቸው ውስጥ ታፍነው ያልቃሉ፤ ለጉጉት የሚተርፍ መርዝም የለም። ቦስተን በ2016 ስትጠቀምበት አልተመዘገበም ተብሎ ታግዶ ነበር፤ በ2017 ግን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ መዘገበው። ስቃይ የለውም አልልሽም። ከቀናት ግን ደቂቃዎች ይሻላሉ። ራስሽ ገዝተሽ እንዳትሞክሪው፤ ከቤት ግድግዳ አጠገብ ከሆነ ጋዙ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው የወሊድ መከላከያ ነው። ሳቅሽ አይደል? እኔም ስቄ ነበር። ኮንትራፔስት የሚባለው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ወንዱንም ሴቷንም ያመክናል። ከዚያው ድርጅት ኢቮልቭ የሚባል በጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራ ጠጣር ዓይነትም ወጥቷል። ከፍላኮ ሞት በኋላ የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት የወሊድ መከላከያ በሁለት አካባቢዎች እንዲሞከር በ2024 ሕግ አውጥቷል። ችግሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያሉት አይጦች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ነው የሚሞቱት። አይጥ ደግሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ አርግዛ 8፣ 10 ትፈለፍላለች፤ መከላከያውን እየሞላችሁ ማስቀመጥ ካቋረጣችሁ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።

የግል ድርጅት ከጠራችሁ ለአይጡ የሚያስቀምጡት ሳጥን ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። እኛ ጋ የመጡት «መርዝ የለውም» ብለው ምለው ተገዝተው ነበር። ልጄ ጎንበስ ብላ ስታነበው ብሮማዲዮሎን ይላል! ያው መርዝ ነው። በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ አንገት ሰባሪ ወጥመድ ካላቸው እሱን ጠይቁ፤ በደንብ ከተሠራ ወዲያው ይገድላል። ማጣበቂያውን ግን በሩቁ። አይጧ ተለጥፋ ስትጮኽ ማደር ነው። እንግሊዝ እንኳ ከ2024 ጀምሮ ተራ ሰው እንዳይጠቀምበት ከልክላለች።

በድምፅ የሚያባርር ለተባለው መሣሪያ ሃምሳ ዶላር ከስሬያለሁ። አይጧ አጠገቡ ተቀምጣ ፊቷን ስትጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

አስተያየት፦ ወንድሜ፣ በሕይወት ይዞ ራቅ ያለ ጫካ መልቀቅስ? እንደሱ አይሻልም?

መልስ፦ ለእኛ ህሊና ይሻል ይሆናል። የማታውቀው ቦታ የተጣለች አይጥ ውኃና ጉድጓድ ሳታገኝ አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። ከተረፈችም በሽታዋን ይዛ የሌላ ሰው ራስ ምታት ትሆናለች።

አስተያየት፦ ድመት ብታመጡስ? እናቴ አዲስ አበባ ቤት ያለችው አንዲት ድመት ሰፈሩን ቀጥ አድርጋ ይዛለች።

መልስ፦ የእማማ ድመት የምትይዘው ትንሿን አይጥ ይሆናል። የዚህ አገሩ ግዙፍ ነው። ብሩክሊን ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ የቆሻሻ ማቀነባበሪያ ቦታ ላይ ለ79 ቀናት ካሜራ ጠምደው ነበር። ድመቶቹ የገደሉት ሁለት አይጥ ብቻ ነው። ወፍ ግን ይፈጃሉ።

አስተያየት፦ (ጠያቂዋ) እናንተ ፓርክ ላይ ታዲያ ምን ሠራ?

መልስ፦ ድራይ አይሱ ጠረገልን። ግን በወሩ ተመልሰው መጡ። ለካ ጠዋት ጠዋት አንድ ጋሼ ለርግቦች እንጀራ ይፈተፍቱ ነበር፤ የተረፈውን ማታ አይጥ ይለቅመዋል። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? በመጨረሻ ባለቤቴ ቡና ይዛላቸው ሄዳ አጫወተቻቸው። ቆሻሻ መጣያውንም ክዳኑ በሚገጥም አስቀየርን። አሁን ጋሼ አንድ ጭብጥ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ርግቦቹ ለቅመው እስኪጨርሱም አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።