የየባንኩን የሩብ ዓመት ቁጥር ከየት ላግኝ?

ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል። የምሠራው በተበላሹ ብድሮች፣ ማለትም ተበዳሪው በጊዜው ባልከፈላቸው ብድሮች ላይ ነው። የየባንኩ የሩብ ዓመት ቁጥር ያስፈልገኛል፤ እጄ ላይ ያለው ግን በዓመት አንዴ የሚወጣው የኦዲት ሪፖርት ብቻ ነው።

አንድ ባንክ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ኃላፊው ማኅተሙን ደጋግመው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ለብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው የሚሄደው» አሉኝ። የደንበኛ ስም ብጠይቅ ኖሮ ይገባኝ ነበር። የጠየቅኩት ድምሩን ነው!

አሜሪካ ባንኮች በየሩብ ዓመቱ ለተቆጣጣሪ የሚያስገቡት «ኮል ሪፖርት» ባንክ በባንክ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ምስጢር የሚያዘው «ካሜልስ» የሚባለው፣ ተቆጣጣሪው ለባንኩ ጤንነት ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ደረጃ ነው። በእሱ እስማማለሁ፤ መጥፎ ደረጃ ከተሰማ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ይሯሯጣል።

በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። በመረጃ ነጻነት አዋጁ፣ በቁጥር 590/2000፣ ብሔራዊ ባንክን በጽሑፍ ብጠይቅ ያስኬዳል? ወይስ የባንኮቹ ስም ቀርቶ በኮድ ይሰጠኝ ብል ይሻላል? አማካሪዬ የሰጡኝ ጊዜ እያለቀ ነው።