ሮቶው በሦስት ቀን ያልቃል፤ ውኃው የት ነው የሚሄደው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ነን፤ ውኃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣልናል። ሮቶው 2000 ሊትር ነው፣ አራት ሰው ነን። ሞልቶ ካደረ በሦስተኛው ቀን ባዶውን ይቀራል። ልብስ የሚታጠበው በሳምንት አንዴ ነው፤ መኪናም፣ አትክልትም የለንም። የቱ ጋ ነው መቆጠብ ያለብን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። 2000 ሊትር ለአራት ሰው በሦስት ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 166 ሊትር ይደርሳል። በነገርሽን አኗኗር ይህን ያህል አይፈጅም፤ ስለዚህ ከመቆጠብ በፊት የሚፈሰውን ፈልጉ። ውኃ በማይመጣበት ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ ደረቅ ዘንግ ሮቶው ውስጥ እስከ ታች አስገቡና የረጠበበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ድገሙት። የሮቶው ወርድ 1.2 ሜትር ከሆነ አንድ ሴንቲሜትር ወደ 11 ሊትር ነው። በሌላ ሌሊት ደግሞ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን መዝጊያ ዘግታችሁ ለኩ። ተዘግቶም ከቀነሰ ወይ ሮቶው ተሰንጥቋል፣ ወይ ቼክ ቫልቩ (ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) አልያዘም። ሮቶው ከታች በኩል የሚሞላ ከሆነና ቼክ ቫልቩ ካልያዘ፣ መስመሩ ግፊት ሲያጣ ያጠራቀማችሁት ውኃ ተመልሶ ወደ ሰፈሩ መስመር ይወርዳል።

ሌላ መልስ፦ ሲሞላም ተመልከቱ። ፈረቃው ሌሊት ስለሆነ ተንሳፋፊው ኳስ ሳይዘጋ ቢቀር ትርፉ ሲፈስ ቢያድር ማንም አያይም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። ከማፍሰሻው ቱቦ ሥር ባልዲ አስቀምጡ። ጠዋት ውኃ ከተገኘበት የኳሱን ክንድ ዝቅ አድርጉ፤ ካልሆነ ጎሚኒው ይቀየር።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተዘግቶ ሲያድር ምንም አልቀነሰም። ተከፍቶ ሲያድር በ8 ሰዓት 7 ሴንቲሜትር ወረደ። ቧንቧዎቹ ግን አንዳቸውም አይንጠባጠቡም።

መልስ፦ የሮቶው ወርድ 1.2 ሜትር ከሆነ ይህ በቀን ከ230 ሊትር በላይ ነው። ድምፅ ሳያሰማ እንዲህ የሚያፈስ አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤት ነው። የሽንት ቤቱን ታንክ ክዳን አንሡና የምግብ ቀለም ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ከሌለ ግማሽ ሊትር ገደማ ጠቆር ያለ ቡና ይሠራል፣ ዝቃጩን አጥልላችሁ። ለ30 ደቂቃ ማንም ፍላሽ አያድርግ። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ቀለም ከያዘ የታችኛው ጎሚኒ አይዘጋም ማለት ነው። ጎሚኒው ደህና ሆኖም ሥሩ አሸዋ ወይም ዝገት ሊገባበት ይችላል፤ ፈረቃው ሲመለስ የመጀመሪያው ውኃ ደፍርሶ የሚመጣው ይህንኑ ይዞ ነው። የታንኩን ውኃ መግቢያ ዝጉ፣ ፍላሽ አድርጋችሁ አጉድሉ፣ ጎሚኒውን አውጥታችሁ የሚያርፍበትን አፍ በጨርቅ ጥረጉ። በአሸዋ ወረቀት አትንኩት፤ ከተጫረ ዳግመኛ አይገጥምም። ጎሚኒው ጣት ላይ ጥቁር ከለቀቀ ወይም ከደረቀ አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፣ ልኩ ይለያያል። ቀለሙ ካልወረደ የሽንት ቤቱን መግቢያ ብቻ ዘግታችሁ በዘንግ እንደገና ለኩ። አሁንም ከቀነሰ በግድግዳ ወይም በወለል ውስጥ ያለፈው ቧንቧ ነው፤ ያኔ ባለሙያ ይጠራ።

ሌላ መልስ፦ ይህ ከተስተካከለ በኋላ የልብስ ማለቅለቂያውን ለሽንት ቤት አውሉት። ታንኩ ውስጥ ግን እንዳትጨምሩ፤ የሳሙናው ዝቃጭና የልብሱ ብናኝ ጎሚኒውን መልሶ ያበላሸዋል። 5 ወይም 6 ሊትር በባልዲ ቀጥታ ሳህኑ ውስጥ ባንዴ ድፉ፤ ቀስ ተብሎ ከፈሰሰ አይወስድም። ከአንድ ቀን በላይ አታስቀምጡት፣ ይሸታል። ታንኩ 9 ሊትር የሚይዝ አሮጌ ከሆነ ደግሞ አሸዋ የሞላና የተከደነ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ኳሱን በማይነካበት ጥግ አስገቡ። ጡብ አይሁን፤ እየፈረሰ ፍርፋሪው ጎሚኒው ሥር ይገባል።