ክርክር፦ በፍቺ ጊዜ የጋራ ቤት ይሸጥ ወይስ ልጆቹን የሚያሳድገው ይኑርበት?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እስቲ በዚህ ጉዳይ እንከራከር። ባልና ሚስት ተፋቱ። ያላቸው ንብረት አንድ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አሉ፣ የሚያድጉት ከእናታቸው ጋር ነው። እሱ ቤቱ ይሸጥና ድርሻዬን ልውሰድ ይላል። እሷ ልጆቹን ይዤ የት ልግባ ትላለች። የእህቴ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። እኔ የምለው፣ ትንሹ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ቤቱ መሸጥ የለበትም። ግማሹ የእሱ ነው፣ ማንም አልካደውም። ግን በዚህ ቤት ግማሽ ዋጋ መሃል ከተማ ላይ ሌላ ቤት አይገዛም። የሚጠብቃት ኪራይ ነው። አከራይ ደግሞ ገና ስልኩን ሳያነሳ «ስንት ልጅ ነው ያለሽ?» ነው የሚለው።

ከካዛንቺስ፦
እህቴ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን እሱስ የት ይግባ? ኪራይ ይከፍላል፣ ቀለብ ይቆርጣል፣ ያለው ገንዘብ ደግሞ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ጓደኛ አለኝ። እናቱ ቤት ሳሎን ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ነው የሚያድረው፣ ልጆቹ ቅዳሜ ሲመጡ የሚያሳድርበት ቦታ ስለሌለው ማታ ይመልሳቸዋል። ወንድ ስለሆነ የትም ይወድቃል የሚለው ነገር ያናድደኛል። ሕጉ እኩል ብሏል፣ እኩል ይካፈሉ።

ጠበቃ ነኝ፦
ሁለታችሁም ሕጉን ከግማሹ ነው የያዛችሁት። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል ይላል፣ ልክ ነው። ሽያጭ ግን የመጀመሪያው አማራጭ አይደለም። በተቻለ መጠን በዓይነት ይካፈላሉ፣ አንዱ ብልጫ ካገኘ ልዩነቱን በገንዘብ ያካክሳል። ኮንዶሚኒየም ለሁለት ስለማይቆረጥ ነው ወደ ሽያጭ የሚኬደው። ተስማምተው ካልሸጡት ሐራጅ ይወጣል። ሐራጅ ደግሞ ሁለቱንም ሊጎዳ ይችላል፣ ቤቱ ገበያ ላይ የሚያወጣውን ዋጋ ላያገኝ ይችላልና።

ሌላም አለ። ክሱ በሂደት ላይ እያለ ከቤት ማን ይውጣ የሚለውን ፍርድ ቤቱ ሲወስን የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ማየት አለበት። ይህ ግን ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ከፍቺው በኋላ ልጆች እስኪያድጉ ቤቱ ይቆይ የሚል ግልጽ አንቀጽ የለም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ይኸው! እኔም የምለው ይሄ ክፍተት ይደፈን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ፍርድ ቤቶች ልጆችን በሚመለከት ነገር ሁሉ የልጁን ደህንነት ማስቀደም አለባቸው ይላል። ልጁ የሚያድርበት አልጋ ያለበት ቤት ሲሸጥ ልጁን አይመለከተውም?

ከመርካቶ፦
እናንተ የምትካፈሉት ቤት አላችሁ። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያለነውስ? ቤቱ የመንግሥት ነው፣ አይሸጥም። ውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ሌላውን ውጪ ይላል። ስለ እኛም ይወራ።

ስሜ ይቆይ፦
የእኔ ጥያቄ ትንሽ ለየት ይላል። የኮንዶሚኒየም ዕጣው ለባለቤቴ የወጣለት ሳንጋባ ነው። የባንኩን ብድር ግን በየወሩ በትዳር ውስጥ ነው የከፈልነው፣ አብዛኛውን ከእኔ ደመወዝ። አሁን «የግሌ ነው» ይላል። ጠበቃ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ጠበቃ ነኝ፦
ከጋብቻ በፊት የተገኘ ንብረት የግል ነው። በትዳር ውስጥ የሚገኝ ደመወዝ ግን የጋራ ነው፣ ማንም ያምጣው ማን። የግል ቤት ኪራይ እንኳ በትዳር ጊዜ ከገባ የጋራ ይሆናል፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለዚህ በደመወዝሽ የተከፈለው ብድር ላይ መብትሽን የመጠየቅ መንገድ አለሽ። ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት ዛሬውኑ ሰብስቢ። በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ የግል መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው «የግሌ ነው» ባዩ ላይ ነው። ፍቺ ሊመጣ ነው ካላችሁ ደግሞ ቤቱ እንዳይተላለፍ ቶሎ እግድ ጠይቁ። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት መሸጥ አይቻልም። ተሽጦ ቢገኝ እንኳ ሽያጩን ማፍረሻው የጊዜ ገደብ አለው፣ ካወቃችሁ በኋላ 6 ወር፣ በማንኛውም ሁኔታ ከ2 ዓመት አይዘልም።

የሁለት ልጆች አባት፦
ሁሉም ሰው ልጆች እናት ጋር ናቸው ብሎ ነው የሚያወራው። የእኔ ልጆች ከእኔ ጋር ናቸው፣ ቤቱ ውስጥም ያለነው እኛ ነን። ከእናታቸው ጋር በሽማግሌ ተነጋግረን ድርሻዋን በየጊዜው እየከፈልኳት ነው። ሽማግሌ ፍቺ መወሰን አይችልም፣ እሱ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፣ ስምምነታችን ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ጸድቋል። ለዚህ ነው በሐራጅ ያልባከነው። የመሐንዲስ ግምት አስወጡ፣ ክፍያው መቼ መቼ እንደሆነ በቀን ይጻፍ።

ከካዛንቺስ፦
እንዲህ ከሆነ እኔም እቀበላለሁ። እህትሽ የባሏን ድርሻ መግዛት ካልቻለች ግን ለእሱ ግማሽ ድርሻ ኪራይ ታስብለት።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ኪራዩ ከቀለቡ ላይ ይቻቻል፣ እስማማለሁ።

ጠበቃ ነኝ፦
በፍጹም አታቀላቅሉት። ቀለብ የልጆቹ ነው፣ የእናትና የአባት ሒሳብ ማወራረጃ አይደለም። ኪራዩ ለብቻ፣ ቀለቡ ለብቻ ይጻፍ።

ከካዛንቺስ፦
ጥሩ፣ ለየብቻ ይሁን። ግን 18 ዓመት እስኪሞላቸው አይሆንም። 5 ዓመት ይበቃል፣ ከዚያ ይሸጥ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
5 ዓመት አይበቃም ወንድሜ። ትንሹ ገና አንደኛ ክፍል ነው። ቢያንስ ስምንተኛን እዚያው ይጨርስ፣ ከዚያ በታች አልወርድም።