በቴሌግራም ድምፅ መስጫችን ከቤቶቻችን ቁጥር በላይ ድምፅ ተቆጠረ፤ አንድ ሰው በብዙ አካውንት መርጦ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጠያቂ፦ የአራብሳው ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን የግቢያችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ግቢያችን ሰባት ብሎክ፣ በእያንዳንዱ ብሎክ 28 ቤት፣ በድምሩ 196 ቤት አለው። የቴሌግራም ግሩፓችን ግን ባልና ሚስቱን፣ ተከራዩንና ልጆቹን ሁሉ ስለያዘ 340 ያህል አባላት አሉት።

ያጨቃጨቀን ጉዳይ ኮሚናሉ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት፣ ለቅሶ ሲደርስም የምንሰበሰብበት የጋራ ሕንፃ ምድር ቤቱ ለመጋዘንነት ይከራይና ገቢው ለጥበቃ ደመወዝና ለውሃ ፓምፑ ጥገና ይዋል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ኮሚቴው ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ በግሩፑ ድምፅ መስጫ ከፍቶ ሰኞ በዚያው ሰዓት ዘጋው። ውጤቱ «ይከራይ» 118፣ «አይከራይ» 97 ሆነ። ድምሩ 215 መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ጥርጣሬው የተነሣው ከእኔ ነው። እሑድ ሌሊት ውሃ መጥቶ በርሜል ስሞላ ስለነበር፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ስልኬን እያየሁ ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ላይ «ይከራይ» 88፣ «አይከራይ» 93 ነበሩ። 6 ሰዓት ከ50 ላይ ደግሞ 114 እና 95 ሆነው አገኘኋቸው። በ40 ደቂቃ ውስጥ በአንዱ ወገን 26፣ በሌላው 2 ብቻ! እነዚያ 26 ድምፆች ባይኖሩ ውጤቱ 92 ለ97 ሆኖ ይገለበጥ ነበር። የሁለቱንም ሰዓት ስክሪንሾት ይዤ ጠዋት ግሩፑ ላይ ለጠፍሁት፤ ባልለጥፈው ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአብዛኛው ሰው ጣት የሚጠቁመው በግቢው በር ላይ ሲም ካርድ የሚሸጥና ሞባይል የሚጠግን አንድ ጎረቤታችንን ነው። የኪራዩን ሐሳብ አጥብቆ ይደግፋል፤ «ሲም እንደ ማስቲካ የሚቸረችር ሰው ሃያ ስድስት አካውንት ለመክፈት ምን ይቸግረዋል?» ተብሎም በስሙ ተጽፎበታል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እኔ አድሚን እንደ መሆኔ አንድ ሰው በብዙ አካውንት ድምፅ መስጠቱን የማረጋግጥበት መንገድ አለ ወይ? ከሌለስ ውጤቱን ምን እናድርገው?

መልስ 1፦ የኔትወርክ ሠራተኛ፣ ከሰበታ

ድምፅ መስጫው ሲከፈት ስም አልባ ተደርጎ ከነበረ (ነባሪው አሠራር እሱ ስለሆነ እንደዚያ ይመስለኛል)፣ ማን ምን እንደ መረጠ ኮሚቴውም ሆነ አድሚኑ ሊያይ አይችልም። ስም ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው የሚወሰነው መስጫው ሲዘጋጅ ብቻ ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ መለወጥ አይቻልም። የአባላት የኢንተርኔት አድራሻም ለአድሚን አይታይም፤ ስልክ ቁጥራቸውም ባለቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር ተሸሽጎ ይኖራል። ያለዎት ነገር በግሩፑ ውስጥ የተፈጸሙ ድርጊቶችን የሚያሳየው መዝገብ ነው፤ እሱም ወደ ኋላ የሚሄደው 48 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት አዲስ የገባ ሰው መኖሩን ለማየት ሰኞ ምሽት ካልተመለከቱት ዛሬ ባዶ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

አሁን ወደ 26ቱ እንምጣ። ነፃው የቴሌግራም መተግበሪያ በአንድ ስልክ ላይ ሦስት አካውንት ይይዛል፤ ለፕሪሚየም የከፈለ አራት። እያንዳንዱ አካውንት የራሱን ስልክ ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው 26 ድምፅ ለመስጠት 26 ቁጥርና ዘጠኝ ያህል ስልክ ያስፈልገዋል፤ አለዚያም በአንዱ ስልክ ላይ እየወጣና እየገባ ሲለፋ ያድራል። ሲም የሚሸጥ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም አልልም፤ ነገር ግን ለአንድ መጋዘን ኪራይ ብሎ ይህን ሁሉ ከመልፋት ይልቅ እጅግ የሚቀል መንገድ አለ። ድምፅ መስጫ ፎርዋርድ ሲደረግ አዲስ ቅጂ አይሆንም፤ ያው አንዱ መስጫ ነው። አንድ ሰው ለዘመዶቹ ግሩፕ «እስኪ ይከራይ የሚለውን ተጫኑልኝ» ብሎ ቢልከው፣ አራብሳን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ከደሴም ከዱባይም የሚጫኑት ድምፅ እናንተ ዘንድ ይቆጠራል።

ምንም ተንኮል የሌለበት ድርብ ድምፅም አለ። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን የ09 እና የ07 ቁጥር ጎን ለጎን ይዘናል፤ በሁለቱም ቴሌግራም የከፈተ ሰው ሞልቷል። እኔ ራሴ በመሥሪያ ቤት ግሩፕ ውስጥ በሁለቱም እገኛለሁ፤ የምሳ ሰዓት ይቀየር ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አንዴ ብቻ መጫኔን እምላለሁ ማለት ግን አልችልም።

መልስ 2፦ የለገጣፎ ነዋሪ

ይህ ሁሉ ማብራሪያ ለአጭበርባሪ ሽፋን ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። በእኩለ ሌሊት፣ በ40 ደቂቃ፣ በአንድ ወገን ብቻ 26 ድምፅ ከተጨመረ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በእኛ ግቢ ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥም የተጠረጠረውን ሰው ስም በግሩፑ አውጥተን ከአባልነት አስወጣነው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልተደገመም። እናንተም አትለሳለሱ።

መልስ 3፦ የውክፔዲያ አርታኢ፣ ከአያት

ከእኔ በላይ ላሉት የለገጣፎ ነዋሪ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ያስወጣችሁት ሰው ጥፋተኛ መሆኑ በምን ተረጋገጠ? «አልተደገመም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው ሁሉ ፈርቶ ዝም ቢልም ነገሩ አይደገምምና።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የአንድ ሰው ተጨማሪ አካውንቶችን «ሶክፓፔት» ይሏቸዋል፤ ካልሲ እጅ ላይ አጥልቆ እንደ አሻንጉሊት ማናገር እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015፣ ጽሑፍ በክፍያ የሚያዘጋጁ መሆናቸውን ሸሽገው እርስ በርስ ሲደጋገፉ የነበሩ 381 አካውንቶች በአንድ ጊዜ ታግደዋል። ብዛት ግን ሁልጊዜ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ስለ እንስሳት በሚሰጠው ማብራሪያ እጅግ የተወደደ አንድ ተጠቃሚ፣ የራሱን ጽሑፍ ከፍ ለማድረግና የተከራካሪዎቹን ዝቅ ለማድረግ የተጠቀመው አምስት አካውንት ብቻ ነበር። እዚያ መጀመሪያ ላይ የተሰጠች ጥቂት ድምፅ ጽሑፉን ወደ ላይ ታወጣዋለች፤ ሌላው አንባቢ ደግሞ ከፍ ብሎ ያገኘውን ይከተላል።

ሊታወቅ የቻለው ግን ድርጅቶቹ እርስዎ የሌለዎትን መረጃ ስለያዙ ነው። በውክፔዲያ «ቼክዩዘር» የተባለው መሣሪያ የተሰጣቸው ጥቂት ታማኝ ሰዎች ብቻ፣ ቢበዛ ለ90 ቀን የሚቀመጥ የኢንተርኔት አድራሻና የመሣሪያ መረጃ ማየት ይችላሉ። ይህንም ይዘው እንኳ በአድራሻ ብቻ አይፈርዱም፤ በሞባይል ዳታ እጅግ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ሊጋራ ይችላልና። በኮንዶሚኒየም አንድ ዋይፋይ ለሦስት ቤት የሚዳረስበትን ሁኔታ እናውቀዋለን፤ በአድራሻ ቢፈረድ ደረጃው በሙሉ አንድ ሰው ሆኖ በተገኘ ነበር።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ካልሲውን ማደን ሳይሆን ቆጠራውን ካልሲ እንዳይጠቅመው አድርጎ መሥራት ነው። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ለረጅም ዓመታት 15 ነጥብ ላላገኘ አዲስ አካውንት ድጋፍ የመስጠት፣ 125 ላላገኘ ደግሞ የመቃወም መብት አይሰጥም ነበር፤ አንዱ አካውንት ለሌላው በተከታታይ የሰጠውን ድምፅ የሚሰርዝ ፕሮግራምም በየቀኑ ይሠራል። በውክፔዲያ አንድ ጽሑፍ ይሰረዝ አይሰረዝ ተብሎ ሲከራከሩ፣ ክርክሩን የሚዘጋው ሰው የሚመዝነው የቀረበውን ምክንያት ነው እንጂ «ይሰረዝ» ያሉትን ጭንቅላት አይቆጥርም፤ ሃያ አካውንት አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ቢደግም ክብደቱ ያው የአንዱ ነው። የኮሚናላችሁ ጉዳይ በምክንያት ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ መቆጠር አለበት። ከተቆጠረ ግን የሚቆጠረው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት።

መልስ 4፦ የእድር ጸሐፊ ወይዘሮ፣ ከጀሞ

እኔ የቴሌግራሙን ነገር እምብዛም አላውቀው። ለብዙ ዓመት የእድር መዝገብ ስለያዝሁ ግን የማውቀውን ልጨምር። በእኛ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ቤት ነው። ባልም ሚስትም ቢመጡ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ልጅ ተልኮ ከመጣ መልእክት ያደርሳል እንጂ እጁን አያወጣም። እናንተ 196 ቤት ሆናችሁ 215 ድምፅ ካገኛችሁ፣ አጭበርባሪ ቢኖርም ባይኖርም ያ ቆጠራ አይጸናም። ውጤቱን ለመተው ሌባ መፈለግ ለምን አስፈለጋችሁ?

ተከራዮችም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ተከራይ ኮሚናሉን ስለሚጠቀም ሐሳቡ ሊሰማ ይገባል፤ የጋራ ንብረት ይከራይ አይከራይ በሚለው ላይ ግን ከባለቤቱ እኩል የሚጫንበትን ቁልፍ ያዘጋጃችሁለት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አነበብሁትና አልተዋጠልኝም። ልጄ፣ እርስዎ በዚያ ሌሊት የነቁት ውሃ መጥቶ ነው ብለዋል። ውሃው የመጣው ለእርስዎ ብቻ ነበር? የእኛ ሰፈር ውሃ በሌሊት ሲመጣ ግቢው በሙሉ እንደ ቀን ይሆናል፤ በርሜልና ጀሪካን እየተንኳኳ፣ ሮቶ እስኪሞላ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ስልኩን እያየ ይቆማል። ለመሆኑ ያን ሌሊት ውሃ የደረሳቸው የትኞቹ ብሎኮች ናቸው? ኮሚናሉስ ለማን ቅርብ፣ ለማን ሩቅ ነው?

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘግይቼ የመለስሁት ነገሩን እስከ መጨረሻው ለማየት ነው።

የጀሞዋ እናታችን የጠየቁኝን ሳነብ ደነገጥሁ ማለት ይቀለኛል። ያን ሌሊት ውሃ የደረሰው ለታችኞቹ ሦስት ብሎኮች ብቻ ነበር፤ ግፊቱ ደካማ ሲሆን ወደ ላይኞቹ አይወጣም። ኮሚናሉ ያለው ደግሞ ከላይኛው ብሎክ አጠገብ ነው። እኛ ታችኞቹ እምብዛም ስለማንጠቀምበት አብዛኛው ሰዋችን «ይከራይ» ባይ ነው። እኔ እኩለ ሌሊት ላይ ያየሁት በአንድ ወገን ብቻ የነቃ ግቢ ሊሆን እንደሚችል፣ እዚያው በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ሳለ አላሰብሁትም።

ድምፅ መስጫው በእርግጥም ስም አልባ ነበር፤ የ48 ሰዓቱ መዝገብም አልፎበት ነበር። ስለዚህ 26ቱ የማን እንደሆኑ በማስረጃ መናገር አልችልም። ስለ ሦስቱ የራሴ ቤት ድምፆች ግን መናገር እችላለሁ። እኔ ቅዳሜ ማታ «አይከራይ» ብያለሁ። ባለቤቴ ያን ሌሊት ጀሪካን እየቀየረችልኝ «ይከራይ» ብላ ነበር፤ የነገረችኝ ይህን ጥያቄ ካነበብሁላት በኋላ ነው። የ15 ዓመት ልጃችን ደግሞ ቦታው ጂም ይሆናል የሚል ወሬ ሰምቶ በአያቱ ስልክ «ይከራይ» ብሏል። በአንድ ቤት ሦስት ድምፅ፣ ከእነዚያም ቢያንስ አንዱ ስክሪንሾት አንሥቼ በማስረጃነት ከለጠፍኋቸው 26ቱ ውስጥ!

ኮሚቴው የመጀመሪያውን ውጤት ሰርዞ ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በኮሚናሉ ውስጥ እንደገና ድምፅ አሰጠ። 196ቱ የቤት ቁጥሮች በመስመር የተጻፉበት ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ባለቤቱ ወይም ውክልና የያዘ ሰው በቤቱ ቁጥር ትይዩ እየፈረመ አንድ ወረቀት ወስዶ ሣጥን ውስጥ ጨመረ። 163 ቤት ተገኘ፤ «ይከራይ» 79፣ «አይከራይ» 84 ሆነ። ውጤቱ መገልበጡን ያዩ ሰዎች «ይኸው፣ ሰውየው አጭበርብሮ ነበር ማለት ነው» ማለት ጀምረዋል፤ ተከራዮችና ልጆች ስላልቆጠርን ብቻ ሊገለበጥ እንደሚችል ለማስረዳት ብሞክርም ሁሉንም አላሳመንሁም።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ተራውን ጠብቆ መጣና በቤቱ ቁጥር ትይዩ ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስልኝ «አንዴ ብቻ ነው የፈረምሁት፤ እዩልኝ» አለ። ሴቶቹ ቡና ቢያቀርቡለትም ሳይቀመጥ ሄደ። በስሙ የጻፉበት ሁለት አባላት መልእክታቸውን አጥፍተዋል፤ የእኔ ሁለት ስክሪንሾቶች ግን በሌሎች ግሩፖች ተዘዋውረው ስላገኘኋቸው ማጥፋቱ ዋጋ የለውም። ማኅበሩ ለሰውየው በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቅና ደብዳቤው በዚያው ግሩፕ እንዲለጠፍ የሚል አጀንዳ ለቀጣዩ ስብሰባ አስይዣለሁ፤ ከሥሩ የሚፈርመው ጸሐፊው ስለሆነ ረቂቁን ትናንት ማታ ጀምሬዋለሁ።