ደብር መጀመሪያ ተራራ ነበር

ባለፈው ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ቢሾፍቱ ልንሄድ ቃሊቲ መናኸሪያ ቆመናል። ረዳቱ «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት! የሞላ!» እያለ ይጣራል። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «አጎቴ፣ እዛ ዘይት ይመረታል እንዴ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ደብር» ሲባል ቤተ ክርስቲያን፣ «ዘይት» ሲባል ጀሪካን የሚታየን ብዙዎች ነን።

በግዕዝ ደብር ማለት ተራራ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙር 67 ላይ «ደብር ርጉዕ ወደብር ጥሉል» የሚለውን አይረሳም። የረጋ ተራራ፣ የለመለመ ተራራ ማለት ነው። እዚህ ላይ ደብርን ቤተ ክርስቲያን ብሎ መፍታት አያስኬድም። በነገራችን ላይ ያቺን «ርጉዕ» ልብ በሉልኝ። ወተት «ረጋ» የምንለው፣ «እርጎ»ም የምንለው ከዚያው ቤት ነው።

ታዲያ ተራራው እንዴት ቤተ ክርስቲያን ሆነ? ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዙሪያውን ገደል ነው፤ ዛሬም የሚወጣው በገመድ ነው። መነኮሳት ከዓለም ለመራቅ ከፍታ ይመርጡ ነበር። ተራራውና ገዳሙ በአንድ ስም ተጠሩ። እየቆየ ስሙ ሜዳ ላይ ለተሠራውም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ለዚህ ነው «ደብረ» የሚሉ ስሞችን ሁሉ በአንድ ቁልፍ መክፈት የማይቻለው። ደብረ ታቦርና ደብረ ሲና ስማቸውን የወሰዱት ከመጽሐፍ ቅዱስ ተራሮች ነው። ደብረ ማርቆስ ግን የማርቆስ ተራራ አይደለም። ከተማው ድሮ መንቆረር ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደብረ ብርሃንን ደግሞ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። «ደብር» መጨረሻው ወደ «ረ» ሲለወጥ የአማርኛውን «የ» ሥራ ይሠራል። ደብረ ዘይት የዘይት ተራራ ነው። ዘይቱም የምንጠብስበት አይደለም፤ ዛፉ ነው፣ የኛ ወይራ ዘመድ። ተራራው ኢየሩሳሌም አጠገብ ነው ያለው። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድም የሚጠራው በሱ ነው።

ከተማችን ይህን ስም ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ቢሾፍቱ የሚለው የኦሮምኛ ስም ግን መሬቱን አይቶ የወጣ ነው። «ቢሻን» ውሃ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ራሱ የቢሾፍቱ ሐይቅ፦ አገሩ ውሃ በውሃ ነው። ይሄን ስነግራት ልጅቷ ሐይቁ እስኪታያት ድረስ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም።

ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስ ያደጋችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ጉብታ ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ?