ስስ የድንኳን ወለል ለስሜን ተራሮች፦ ከሥሩ ምን ላንጥፍ?

የቸቸላዋ፦
ሰላም ናችሁ? የምኖረው ጎንደር ነው። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ እንግዳ ቀላል የሁለት ሰው ድንኳን ሸጠልኝ። ከነምሰሶዋና ከነካስማዋ ሁለት ኪሎ አትሞላም። ወለሏ ግን በጣም ስስ ነው፤ 20 ዴኒየር (የክሩ ውፍረት መለኪያ) ይላል፣ እጄን ከሥሩ ሳስገባ ጣቶቼ ይታዩኛል። በጥቅምት ከጓደኞቼ ጋር ከሳንቃበር ተነሥተን በግጭ በኩል ጨነቅ ድረስ ልንሄድ ነው። ጥጉ ላይ ምስር የምታክል ቀዳዳ አለች፤ በሱፐር ግሉ ልድፈናት? ከሥሩስ ምን ላንጥፍ?

የአራዳ ልጅ፦
ምን ያስጨንቅሻል እህቴ፣ ቅዳሜ ገበያ ሄደሽ ወፍራም ሸራ ግዢ። ሰፋ ያለ ይሁን፣ ለጫማችሁም ይሆናል።

ደባርቅ ካምፕ፦
እህቴ፣ እኔ ደባርቅ ነኝ፤ እንጀራዬ ለእንግዶች ድንኳን መትከልና መንከባከብ ነው። ወንድማችን በቅንነት ነው የመከረሽ፣ ግን ሰፊውን ሸራ ተይው። ከድንኳኑ ወጥቶ የሚታይ ምንጣፍ ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ወደ ሥር ይስበዋል። ውሃው በምንጣፉና በወለሉ መካከል ይቋጠራል፤ ተንበርክካችሁ ዕቃ ስታስተካክሉ ክብደታችሁ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ስሱን ጨርቅ አልፎ ይገባል። በሜትር የሚሸጠው ላስቲክ ይበቃሻል። በየጎኑ ከወለሉ አራት አምስት ሳንቲሜትር አሳጥረሽ ቁረጪው።

ላስቲኩ ግን እሾህ አያቆምም። ወለል የሚያድነው የቦታ መረጣ ነው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፣ የአስታ ዛፍ ይበዛበታል፤ የተሰበረው ጭራሮ ሣር ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆምና ላስቲኩንም ወለሉንም አንድ ላይ ይበሳል። ከመትከልሽ በፊት መሬቱን በመዳፍሽ ዳብሺው፣ ጠጠሩንና ጭራሮውን ልቀሚ። ግጭ ላይ ደግሞ ጓሳው ይለሰልሳል ብለሽ ነቅለሽ እንዳታነጥፊው አደራ። ፓርክ ነው፣ ሣሩም የጭላዳ ቀለብ ነው።

በቅሎ ከተከራያችሁ ድንኳኗን በስስ ከረጢቷ ብቻ አታስጭኚ። ጫኞቹ ገመዱን ጠበቅ አድርገው ነው የሚያስሩት፣ መንገዱን ሙሉ ሲፈትጋት ይውላል። ብርድ ልብስ መሀል ጠቅልለሽ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቻት።

ሱፐር ግሉ አይሆንም። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ድንኳኑ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ጨርቁ ውሃ እንዳያስገባ በምን እንደተቀባ እወቂ፤ በሲሊኮን ወይስ በፖሊዩሪቴን። ሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በቀር የሚይዝ የለም፤ ፖሊዩሪቴን ላይ ደግሞ የፖሊዩሪቴን ሙጫ ነው። ወለሉን ከውስጥ በኩል እዪው፤ ስፌቱ ላይ የተለጠፈ ቴፕ ካለ ያ ፊት ፖሊዩሪቴን ነው። ቴፕ ከሌለውና በሁለቱም በኩል የሚያሟልጭ ከሆነ ሲሊኮን ነው። ለእሱ ሕንፃ መሣሪያ ቤት የሚሸጠው፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ነጭ ሲሊኮን ይሠራል።

ማራኪ፦
ከጋሼ ምክር ላይ ልጨምር። ስትመለሱ እርጥብ አድርገሽ እንዳትቋጥሪያት። ፖሊዩሪቴን እርጥበት ሲከርምበት ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ይላጣል። የተላጠውን የሚመልሰው የለም። ኦሞም ማጠቢያ ማሽንም አይነካት፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃል። ጥላ ላይ አድርቂያት፣ ናይለን ፀሐይ ይጎዳዋል። ከዚያ በጠባቡ ከረጢት ሳይሆን ሰፋ ባለ የጨርቅ ከረጢት ላላ አድርገሽ አስቀምጫት።

የቸቸላዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አሁን አየኋት፤ ከውስጥ ስፌቱ ላይ ቴፕ አለው። ከውጭ ግን ያሟልጫል።

ደባርቅ ካምፕ፦
እንግዲያው ከውጭ ሲሊኮን፣ ከውስጥ ፖሊዩሪቴን ነው፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። ከውስጥ በኩል ነው የምትሠሪው። ቀዳዳዋን ዙሪያዋን አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጊና ይድረቅ። ከዚያ ከውጭ በኩል ፕላስተር ለጥፊባት፣ ሙጫው ተሻግሮ እንዳይፈስ። ከውስጥ የፖሊዩሪቴኑን ሙጫ ከቀዳዳዋ ትንሽ ሰፋ አድርገሽ በስሱ ቀቢ። ሌሊቱን ሙሉ ሳትነኪው ተይው፤ ፕላስተሩን ጠዋት ታነሺዋለሽ። ሙጫው በጣት ሲነካ የሚይዝ ከሆነ ገና ነውና አትጠቅልያት።